ሽቦውና ነፋሱ አንድ የሆኑ ጊዜ

ባለፈው እሑድ ከልጅ ልጄ ከማርታ ጋር ሐይቁ ዳር ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር። እሷ እንደ ልማዷ ዓይኗን ከስልኳ አትነቅልም፤ እኔ ደግሞ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። ድንገት እያዛጋች «እማማ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ እንዲሆንሽ ይችን ላንብብልሽ» አለችና አንድ ዜና ታነበንብልኝ ጀመር። የየት አገር እንደሆነ እንኳ አልያዝሁትም። ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትና ስልክን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተዋሕደው አንድ ባለሥልጣን ሊሆኑ ነው ይላል። እሷ ደግማ አዛጋች፤ እኔ ግን ልቤ እንደ ኮረዳ ልብ ዘለለ። ሻዬን አስቀመጥሁና «ይኼንማ እኔ ኖሬበታለሁ» አልኋት። «እዚችው ባሕር ዳር፣ ሁለት ወር ለማይሞላ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሆነው ነበር። ያጋባቸው ከላይ የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ያፋታቸው ግን እኔ ነኝ።» የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ እስክትከት ድረስ ጠብቄ ነገርኋት። ለእናንተም ያንኑ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርሁ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ዳቦ በዐሥር ሳንቲም የሚገዛበት፣ የቴትሮን ቀሚስ የክት ልብስ የነበረበት፣ ቤል ቦተም ሱሪ አዲስ አበባ ላይ ካለፈበት በኋላ እኛ ዘንድ ገና የነገሠበት ዘመን ነው በሉት። ከተማዋ ትንሽ ነበረች። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥታችሁ በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ገበያው ብትሄዱ መንገዱ ዐሥር ደቂቃ፣ ሰላምታው ግማሽ ሰዓት ይፈጅባችኋል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ ይዞ እስከ መስኮቴ ይመጣል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሻይ ቤት አንዱን የትዝታ ዘፈን ከጧት እስከ ማታ እየደጋገመ ያጫውተው ስለነበር ግጥሙን ያለ ፍላጎቴ በቃሌ ይዤው ነበር። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ፎቅ ቆሟል፤ እኔ ግን ባለፍሁ ቁጥር ዘፈኑ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። የእኔ ቦታ ከማዞሪያው ፊት፣ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ነበር። ከባሕር ዳር ውጭ ካለ ሰው ጋር መነጋገር የፈለገ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል፤ ገመዱን ከዚህ ነቅዬ እዚያ እሰካለሁ፣ ሰውን ከሰው አገናኛለሁ። ስለዚህ ፊቴን የማያውቅ ሁሉ ድምፄን ያውቃል። ገበያ ወጥቼ የሽንኩርት ዋጋ ብጠይቅ ሻጯ ቀና ሳትል «አንቺ የስልኳ ነሽ» ትለኛለች። ኩራቴ አይጣል ነበር።

ከእኛ ቀጥሎ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶን፣ የሬዲዮ ክፍል ነበር። ሬዲዮ ያለው ሰው የሚያስመዘግበው እዚያ ነው፤ አደባባዩ ላይ ከዘንባባዎቹ ከፍ ብለው የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎችም የእነሱ ነበሩ። የእኛ አለቃ አቶ ደምሴ ይባላሉ። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የደንቡን መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው የሚውሉ ሰው ነበሩ። በየጧቱ እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙልን ቃል ነበራቸው፤ «መስመር ላይ የሰማችሁት እዚያው መስመር ላይ ይቅር።» የሬዲዮው ኃላፊ አያሌው ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አፍሮው ከበሩ ጉበን ጋር ይጋጫል፣ ሱሪው መንገዱን ይጠርጋል። የእሱ ደንብ ሌላ ነው፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ መፈቀድ አለበት። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ። አያሌው ገመዱን በእኛ ምሰሶ ላይ ቢያሳልፍ አቶ ደምሴ አስቆረጡት። አያሌውም ዝም አላለ፤ የአቶ ደምሴ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ትንሽ ሬዲዮ አልተመዘገበችም ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈባቸው። «ሽቦው የእኛ ነው» ይላሉ አቶ ደምሴ። «ነፋሱ ደግሞ የእኛ ነው፣ ጋሼ» ይላል አያሌው። እኛ በመካከል ሆነን እንስቃለን።

አንድ ቀን ታዲያ ያ ደብዳቤ መጣ። ሁለቱ ክፍሎች ከእንግዲህ በአንድ ኃላፊና በአንድ ማኅተም ሥር ይሆናሉ፤ ኃላፊውም አቶ ደምሴ ናቸው። ግንበኛ መጥቶ በግድግዳው ላይ በር አወጣ። አያሌው አፍሮው ኖራ ለብሶ፣ ሽማግሌ መስሎ በአዲሱ በር ወደ እኛ ገባ፤ አቶ ደምሴ ወንበር ጠቆሙት፤ ከዚያ በፊት አድርገውት አያውቁም። ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያላቸው መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ። በሐይቁ ደሴቶች ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ ሊቅ ናቸው፤ በየቅዳሜው እየመጡ እኛ ቢሮ ካለው የስልክ ክፍል ገብተው አዲስ አበባ ካለች ልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ። ርቀቱን በጩኸት የሚያሸንፉት ስለሚመስላቸው ምሥጢራቸው ሁሉ መንገድ ላይ ይሰማል። የሬዲዮ ፈቃዳቸውም ስንት ጊዜ አመላልሷቸዋል። «ሁለት ደጅ ከመጥናት አንድ ደጅ መጥናት ይሻላል፤ ያዋሐዳችሁን ይባርከው» አሉና በአዲሱ በር ሁለት ጊዜ ገብተው ወጡበት።

ወሬው እንዳልበረደ የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ለዋንጫ ደረሰ። እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ልብስ ሰፊው ሥራ አቁሞ ባንዲራ ይሰፋል፤ ዓሣ አጥማጁ ሳይቀር ስለ አጥቂው ጉልበት ይከራከራል። ችግሩ ጨዋታውን በምን እንስማው የሚለው ነበር። የአዲስ አበባ ሬዲዮ ቀን ቀን እኛ ዘንድ የሚሰማው እንደ ጥብስ እየተንጨረጨረ ነው። ይኼኔ አያሌው ተነሣ። «ጋሽ ደምሴ፣ አሁን ሽቦውም ነፋሱም የእርስዎ ነው» አላቸው። «ከስታዲየሙ አንድ ሰው ስልክ ይዞ የሚያየውን ይናገር። ድምፁ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አትጠገብ ማዞሪያ ይምጣ። ከዚያ በዚህ በር አልፎ ወደ አደባባዩ ይውጣ። ምን ይከለክለናል?» አትጠገብ እኔ ነኝ። አቶ ደምሴ ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፋቸውን አገላበጡ። የሚከለክል አንቀጽ አጡ። ከከተማው ካድሬ ዘንድ ሄደው ፈቃድ አስፈረሙ። ካድሬው ሳያቅማማ ፈረመ፤ እንዲያውም ወጣት የተባለ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ እንዲሰማ በየቀበሌው አስነገረ። እኔ ሞኟ እግር ኳስ ወዳድ መስሎኝ መረቅሁት።

አያሌው ማዞሪያዬ ላይ ወደ አደባባዩ የሚወስድ አዲስ ቁልፍ ገጠመ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በእኛ በስልኮቹ ወግ ቁልፍ ወደ ታች ሲወርድ መስመሩ ለኦፕሬተሯ ብቻ ይሆናል፤ ሌላ ሰው አይሰማትም። በሬዲዮዎቹ ወግ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ታች የወረደ ቁልፍ ለሕዝብ ተከፈተ ማለት ነው። አያሌው የገጠመው የራሱን ዓይነት ነው። ሦስት ጊዜ አስረዳኝ። በሦስተኛው «ገባኝ አልሁህ እኮ፤ ሕፃን አደረግኸኝ» ብዬ ተቆጣሁት። ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ያዋሐደው ደብዳቤ የእጄን ልማድ የት ያውቀዋል፤ እጄ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲሠራ የኖረ ነው።

በዕለቱ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አደባባዩ ጢም አለ። ከመስኮቴ ሆኜ አየዋለሁ። ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከገጠር ገበያ የወጣው ጎረምሳ ሁሉ በዘንባባዎቹ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተያይዟል። ወንድሜ ስንታየሁም ከመካከላቸው ነበር። እናታችን ስትሞት አደራ ያለችኝ አንድ ወንድሜ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ ከእኔ ሌላ ዘመድ የለው፣ እኔም ከእሱ ሌላ የለኝ። ጧት ቢጫ ሻሼን ከራሴ ላይ ነጥቆ ባንዲራ አድርጎት ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መስመሩ መጣ። አዲስ አበባ ያለው ሰው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ይናገራል፤ ድምፁ በእኔ ጆሮ ገብቶ በአደባባዩ ሰማይ ላይ ይወጣል። ኳሷን ይዞ ሄደ ሲል አደባባዩ ይነሣል፤ አመለጠችው ሲል ይቀመጣል። የጢስ ዓባይ መብራት ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋብንም። አያሌው በአዲሱ በር እየተመላለሰ በአፍሮው ኖራውን ይጠርገዋል። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለባዶ ተመራን። «ዕረፍት ሆኗል፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ውሃ ልጠጣ» አለና ሰውዬው ስልኩን ክፍት ትቶ ሄደ። አያሌውም ቁልፉን ወደ ላይ መልሶ አደባባዩን ዘጋና ወጣ።

እኔም ቁልፉን ወደ ታች አወረድሁት።

የመስመር ቤት ልጆች ወግ አለን፤ መስመር ሥራ ሲፈታ ኦፕሬተሮች ይጠራራሉ፣ የሚጠራሩትም በከተማቸው ስም ነው። የደብረ ማርቆሷን ልጅ መልኳን አይቼው አላውቅም፤ ግን ከእኅቴ ባልተናነሰ እወዳት ነበር።

«ባሕር ዳር፣ አለሽ?»

«አለሁ ማርቆስ። ልቤ ልትወጣ ነው አንቺዬ።»

«ጨዋታውን ተይው። ወንድምሽ የት ነው ያለ?»

«አደባባይ ነዋ፤ ሻሼን ቀምቶኝ ሄደ።»

«አስወጪው። ጧት ባገናኘሁት መስመር ሰምቻለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ አደባባዩን ዘግተው ጎረምሳውን አፍሰው ሊወስዱት ነው። ወደ ጦር ግንባር። መኪኖቹ በፋሲሎ ሰፈር በኩል ቆመዋል።»

«ምን?» አልሁ።

«ምን?» አለ ከውጭ፣ ከዘንባባዎቹ በላይ፣ የገዛ ራሴ ድምፅ።

እጄ ወደ ቁልፉ ሄደ። እዚያው ላይም ቆመ። ለማርታ የነገርኋትን ለእናንተም እነግራለሁ፤ ማውረዴ ስሕተት ነው፣ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን ስሕተት አይደለም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሰው ቆሎ ይገዛል፣ ይከራከራል፣ ይሳሳቃል፤ ቀና ብለው ድምፅ ማጉያውን የሚያዩት ከፊት ያሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ስንታየሁ ጀርባውን ሰጥቶ ሻሼን ያውለበልባል። የማርቆስ ቃል ከጫጫታው ጋር ነጉዷል። ቁልፉን ብመልሰው ሁሉም ነገር እንዳልተባለ ይሆናል። ድምፄ ረጋ ብሎ ወጣ።

«ማርቆስ፣ መስመሩ ይቆራረጣል፤ አልሰማሁሽም። ጮክ አርገሽ ድገሚልኝ።»

ደገመችው። ያች ልጅ ጉሮሮዋ ጉሮሮ ነው! አፈሳውን፣ መኪናውን፣ ፋሲሎን፣ አንድም ቃል ሳታስቀር ደገመችው። አደባባዩ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሰማሁት የእግር ድምፅ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰው ለመሰብሰብ ሁለት ሰዓት ፈጅቷል፤ ለመበተን ግን ቆሎ ሻጯ ቆሎዋን እስክትሸፍን ድረስ እንኳ አልቆየም። ገሚሱ ወደ ሐይቁ፣ ገሚሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ ገሚሱ በየሰው ጓሮ ነጎደ። ቢጫ ሻሼ ወደ ሐይቁ ስትበር አየኋት። ዞር ስል አቶ ደምሴ አዲሱ በር ላይ ቆመዋል። ቁልፉን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በሩን በቀስታ ዘጉት።

መኪኖቹ ሲደርሱ አደባባዩ ላይ የቀሩት ባልቴቶችና መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ በየመንገዱ የተያዙ ጥቂቶች አልጠፉም፣ እነሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ይኼ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ ያለው ሰው የሚያውቀው የለም። ውሃውን ጠጥቶ ተመለሰ፤ ጨዋታውን ለባዶ አደባባይ ይናገር ጀመር። ካድሬው አያሌውን «አጥፋው» አለው። አያሌው ፊቱ አመድ መስሎ «ጓድ፣ በፈረሙት ፈቃድ ላይ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይላል፤ ለማቋረጥም የጽሑፍ ትእዛዝ ያስፈልገኛል» አለ። ወረቀት ሲፈለግ፣ እስክሪብቶ ሲፈለግ ሰውየው «ጎል!» ብሎ ጮኸ። አንድ አቻ ሆንን። ያኔ ከሐይቁ በኩል፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ አንድ ሺህ ጉሮሮ «ጎል!» ብሎ መለሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር መለሰ። ከየጓሮው፣ ከየጣራው ሥር መለሰ። ወታደሮቹ ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ ከተማው ሁሉ ይጮኻል፣ የሚታይ ሰው ግን የለም። እኔ ማዞሪያዬ ላይ ተደፍቼ ስስቅም ሳለቅስም ነበር። እስክሪብቶው ሲገኝ ሁለት ለአንድ እየመራን ነበር፤ ያችን ሁለተኛዋን ጎል ከሐይቁ ላይ ታንኳ እየቀዘፉ የተቀበሏት ነበሩ።

ሰኞ መርማሪዎች መጡ፤ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አቆሙን። ዋናው መርማሪ አቶ ደምሴን የትኛው ደንብ እንደተጣሰ ጠየቃቸው። አቶ ደምሴ መጽሐፋቸውን ከብብታቸው አወጡ። «በስልኩ ደንብ የምትጠየቀው መስመር ላይ የሰማችውን ወጥታ ለሰው የተናገረች ኦፕሬተር ናት» አሉ። «እሷ ከወንበሯ አልተነሣችም። በሬዲዮው ደንብ የሚጠየቀው ያልተፈቀደ ንግግር ያሰራጨ ነው። የተፈቀደው ደግሞ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት በዚያ መስመር የመጣ ድምፅ ሁሉ ነው፤ የጓድ ፊርማ ይኸው።» ካድሬው አንገቱን ደፋ። «መሥሪያ ቤቶቹ ሲዋሐዱ ከሁለቱ የትኛው ደንብ እንደሚጸና አልተጻፈልንም። እኔ በመዝገቤ ያሰፈርሁት፣ መስመር ተጠላልፎ ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ ገባ ብዬ ነው።» እኚያ ሰው በሕይወታቸው አንድ ውሸት ጽፈው አያውቁም ነበር።

መርማሪው ግን ቂል አልነበረም። ደንብ ካልያዘኝ ሰው ይይዘኛል ብሎ የከተማውን ሰው ተራ በተራ አስጠራ፤ ድምፁ የዚች ልጅ ነው አይደለም? አዎ የሚል አንድ ሰው ይበቃዋል። ሽንኩርት ሻጯ ጆሮዬ ያመኛል አለች። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናዬ ስትጮህ ውላ አልሰማሁም አለ። በመጨረሻ መሪጌታ ጥበቡን ጠሯቸው፤ የቤተ ክህነት ሰው አይዋሽም ብለው ተማምነው ነው። እኔም እንደማይዋሹ ስለማውቅ አለቀልኝ አልሁ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው «ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው ግን አላየሁም» አሉ።

«የማን ድምፅ እንደሆነ ነው የምንጠይቅዎ፣ አባ።»

«አንተ የሰው ፊት ሳታይ ማንነቱን ትመሰክራለህ? እኔ ያላየሁትን አልመሰክርም፤ ይኼው ነው።»

በዚያው ቀረ። ማርቆስም ማንነቷ ሳይደረስበት ወንበሯ ላይ ቀረች። ወዲያው ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ ሁለቱ ክፍሎች እንደ ድሮው ይለያዩ ይላል። ግንበኛው ተመልሶ በሩን በጡብ ዘጋው። መርማሪዎቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከከተማው አልወጡም፤ አንዱ ከቢሮአችን ወንበር ስቦ ጆሮውን ተክሎ ይውላል። ያ ሳምንት ከምርመራው የባሰ ነበር። ስንታየሁ የት እንደደረሰ አላውቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ተለወጠብኝ። ወትሮ «አትጠገብ፣ እንደምን ዋልሽ» ሳይል ቁጥር የማይናገረው ሁሉ «ኦፕሬተር፣ ጎንደርን ይስጡኝ» ብቻ ሆነ። ሽንኩርት ሻጯ አንቱ አለችኝ። አቶ ደምሴም «ኦፕሬተር» አሉኝ። ከተማው ፈራኝ፣ ጠላኝም ብዬ ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

ቅዳሜ መሪጌታ መጡ። የመርማሪው ወንበር ባዶ ነበር። የስልክ ክፍሏ ውስጥ ገብተው መነጋገሪያውን አነሡና እንደ ወትሯቸው ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኹ።

«አትጠገብ ልጄ፣ ያችን የአዲስ አበባዋን አገናኚኝማ።»

ገመዱን እንደያዝሁ ቀረሁ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ስሜን ጠሩት፣ አባቴ» አልሁ። «ሳምንቱን ሙሉ በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም።»

መሪጌታ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰዎቹ እኮ ትናንት ሄዱ፣ ልጄ። አሁን ድምፅሽንም ስምሽንም እናውቃለን። ወንድምሽም ከደሴቱ አባቶች ዘንድ ነው፤ ነገ በታንኳ ይገባል።»